አጎቴ ፍሬንና ሁለቱ ብስክሌቶች

አጎቴ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ቀጣሪዎቹና እናቴ ብቻ ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ ለሌላው ሁሉ «ፍሬን» ነው። ስሙን ያወጣለት እሁድ እሁድ አብሮን ብስክሌት የሚነዳው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ስለሚወረወር እኛም «ጥይት» የምንለው። አንድ ቀን ከታች ሆኖ አጎቴን ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ጥላ ስር ተጋድሞ ሲጠብቅ፣ አጎቴ እያንዳንዷን ጠጠር ፈቃድ እየጠየቀ የሚረግጥ ይመስል በስንት ጊዜው ብቅ አለ። «ይሄ ሰው ፍሬን የያዘ አይደለም፤ ራሱ ፍሬን ነው!» አለ ጥይት። ስሙ እዚያው ጸደቀ።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። የምኖረው ከእሱና ከእናቴ ጋር ነው፤ እሁድ እሁድም ከኋላቸው ስለምነዳ የማወራው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

አጎቴ ፍሬን ላይ የሚጣበቀው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ፍቅርም አለበት። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩት ይገባችኋል። ፌርማታ ሲቃረብ ከሩቅ ጀምሮ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያኖር ሰው ነው የሚያቆመው። ቆመው የሚሄዱት አይወዛወዙም። መስኮት ተደግፎ ያንቀላፋ አይነቃም፤ አንዳንዱማ መውረጃው እንዲሁ ያልፈዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ ብትነቀንቃቸው!» ስለው፣

«ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ እኮ» ይላል።

እሁድ ጫካ ውስጥ ከኋላው ማንም አይቆምም። እሱ ግን የሳምንቱን መንገደኛ ሁሉ በጀርባው ጭኖ የሚወርድ ይመስለዋል መሰለኝ።

ዳገት ላይ ሌላ ሰው ነው። መንገዳችን ከከተማው ዳር ይነሳል፤ የውሃ ማጠራቀሚያውን እስክናልፍ አስፋልት ነው፣ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ በዛፎቹ መሀል እንደ ክር የቀጠነች፣ ሁለት ብስክሌት በጭንቅ ጎን ለጎን የምታሳልፍ መንገድ እየተጠማዘዘች ወደ ላይ ትወጣለች። ጫፉ ላይ የስልክ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ማዶ በድንጋይና በሥር የተሞላ ቁልቁለት አለ፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ትንሽ ድልድይ። ያቺን ቀጭን የዳገት መንገድ አጎቴ የሚወጣት እየዘፈነ ነው። ብቻውን አይደለም።

አብራው የምትዘፍነው ፋርማሲስቷ ናት። ፋርማሲዋ የአጎቴ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፌርማታ ፊት ለፊት ነው። በሥራ ቀን እሷ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ከመስታወቱ በር ኋላ እጇን ታነሳለች፤ እሱ የፊት መብራቱን አንዴ ብልጭ ያደርጋል፤ በሩን ይዘጋል፤ ይሄዳል። የሳምንቱ ወሬያቸው ይኸው ነው። እሁድ ግን፣ ባሏ ከሞተባት በኋላ ከእኛ ጋር መንዳት ከጀመረችበት ከመጀመሪያው እሁድ አንስቶ፣ ዳገቱ ሲጠና አንድ ስንኝ ትወረውርለታለች፤ እሱ ቤት የሚመታ ሌላ ጨምሮ ይደፋላታል። ያን የመጀመሪያውን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። እሷ፣

*ዳገቱ ረዘመ፣ ደመናው ዝቅ አለ*

አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ ይመስል። አጎቴ ማርሹን አንዴ ቀይሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

*ምን ይደክማል እግር፣ ሰው ከጎኑ ካለ*

አላት። ከዚያ ወዲህ ያላዜሙበት ዳገት የለም። ሁልጊዜ የምትጀምረው እሷ ናት፣ ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ። በንግግር «እርስዎ» ይባባላሉ፤ እሷ «ካፒቴን» ትለዋለች፣ እሱ «ዶክተር» ይላታል፤ እሷም «ዶክተር አይደለሁም አልኩ እኮ!» ትላለች፤ እሱም «እሺ ዶክተር» ይላል። በግጥም ግን አንተና አንቺ ናቸው። እዚያ ውስጥ አንቱታ መተንፈሻ ያሳጣል።

እኔ ከኋላቸው ስነዳ ሁለቱን ድምፆች እየሰማሁ የምወጣው ዳገት፣ ዳገት አይመስለኝም ነበር።

ታዲያ በአንድ ክረምት መውጫ ላይ የአጎቴ አሮጌ ብስክሌት ከኮርቻው ስር ዋናው ቱቦው ተሰነጠቀ። መካኒኩ፣ እሁድ ከእኛ ጋር የሚነዳውና የብስክሌት ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ በጣቱ ስንጥቁን ዳሰሰና አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ቢበየድም አይታመንም። ይረፍ በቃ።»

ሱቁ የጎማና የዘይት ሽታ የጠገበ ጠባብ ክፍል ነው፤ ብስክሌቶቹ ከጣሪያው ላይ በጎማቸው ተንጠልጥለው የተኙ የሌሊት ወፎች ይመስላሉ። መካኒኩ ሁለት አወረደ። አንዱ ቀጠን ያለ፣ ቀለል ያለ፣ አረንጓዴ። ሌላው ደረተ ሰፊ፣ ጎማው ወፍራም፣ የፊትና የኋላ ሞላው ረጅም፣ ጥቁር።

«ይሄ አረንጓዴው ትሬይል ነው፣ ያኛው ኢንዱሮ» አለ። «ትሬይል ወጥቶ የሚወርድ ነው። ኢንዱሮ ደግሞ ለመውረድ ሲል የሚወጣ ነው። ቁልቁለት ላይ ድንጋዩን ይውጠዋል፣ አይታወቅህም። ዳገት ላይ ግን ክብደቱን አንተ ትከፍላለህ።»

«የቱ ይሻለኛል ታዲያ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። እዚህ ቤት ቆሞ መምረጥ የለም። አንድ እሁድ አንዱን ትወስዳለህ፣ የሚቀጥለው እሁድ ሌላውን፣ በራስህ መንገድ። ሳትጋልበው አልሸጥልህም።»

እውነቱን ነው፤ ለማንም ሳይጋለብ አይሸጥም። በዚህ ጠባዩ ስንት ገዢ ተቆጥቶ ሄዷል።

አጎቴ የጥቁሩን መሪ ይዞ ቆመ። ዓይኑን አየሁት፤ ኢንዱሮውን ከመንዳቱ በፊት ወዶታል። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ጋሼ፣ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ቁልቁለት የናፈቀህ?» አልኩት እየሳቅኩ።

አንድ መንገድ ተሻገርን። ከዚያ፣ «ባለፈው ድልድዩ ጋ ስደርስ ሰማኋት» አለ። «ጥይት አቧራውን አስነስቶ ቆሟል። እሷ የራስ ቁሯን አውልቃ «ወይ ግሩም! እንዴት ደስ ይላል!» ትላለች። እኔ ገና የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ነኝ፤ ፍሬን ይዤ።»

«እና?»

«እናማ... አንድ ቀን እንኳ ስወርድ ብታየኝ።»

ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ይህን ሲናገር ጆሮው ቀላ። እኔም መሳቄን ተውኩ።

በመጀመሪያው እሁድ ጥቁሩን ወሰደ። ጠዋቱ ጉም ነበረው። አስፋልቱ ላይ ሁሉም ደህና ነበር፤ ጥይት እንኳ «ፍሬን፣ ዛሬ በሬ ነው እንዴ የጫንከው?» ሲለው አጎቴ ስቆ «ቁልቁለቱ ላይ እንገናኝ» አለው። አፈሩ ሲጀምር ግን የኢንዱሮው ክብደት ተናገረ። ወፋፍራሞቹ ጎማዎች መሬቱን እየላሱ አይለቁም፤ አጎቴ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ሞላው ጭብጥ ዘርጋ ይላል፣ ጉልበቱን ግማሹን ለራሱ ያስቀር ይመስል። ኩርባው ላይ ስንደርስ የአጎቴ ትንፋሽ እንደ ተበሳ የጎማ ከመነዳሪ ያፏጭ ነበር።

ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ ከጎኑ ሆና ጀመረች፦

*ጉሙ ወረደብን፣ መንገዱ ጠፋብኝ*

ጠበቀች። እኔም ከኋላ ጠበቅኩ። የአጎቴ አፍ ተከፍቷል፤ የሚወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ደገመችለት፣ ቀስ ብላ፣ ምናልባት አልሰማ ይሆናል ብላ። እሱ አንገቱን ወደ መሪው ደፍቶ ይረግጣል፣ ይረግጣል። ከዚያ አንድም ቀን ያላደረገችውን አደረገች፤ የራሷን ስንኝ ራሷ ደፋችው፦

*ድምፅህን ብጠብቅ፣ ጫካውም ሰፋብኝ*

ዜማዋ መጨረሻው ላይ ቀጠነና ተቋረጠ። ማርሽ ቀይራ ወደፊት አለፈች። ጉሙ ጀርባዋን ሸፈነው። አጎቴ እጁን ከመሪው አንስቶ ሊጠራት ሞከረ መሰለኝ፤ ብስክሌቱ ወዲያው ሲንገዳገድ መልሶ ያዘው።

ምሰሶው ጋ ስንደርስ ሌሎቹ አርፈው ለመውረድ ተዘጋጅተዋል። እሷ ዓይኗን ከጓንቷ ላይ አላነሳችም። አጎቴ ደግሞ ደረቱ እየነደደ ለመናገር አልቻለም። ተያይዘን ወረድን።

ስለዚያ ቁልቁለት አልዋሽም። አጎቴ በረረ። ድንጋዮቹ ላይ ጥቁሩ ብስክሌት ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነገር እያለሰለሰ አለፋቸው። መጀመሪያ አንዱን ጣቱን ከፍሬኑ ለቀቀ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ከኩርባው ማዶ ጩኸት ሰማሁ፤ ደንግጬ ስደርስ የሳቅ ጩኸት ነው። ድልድዩ ጋ ሲቆም ጥይት ገና የራስ ቁሩን እያወለቀ ነበር።

«ፍሬን! ምን በልተህ ነው ዛሬ የወጣኸው?»

«ምንም!» አለ አጎቴ፣ ፊቱ በጭቃ ተረጭቶ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ። «ምንም አልበላሁም!»

ፋርማሲስቷ ከእኔ ኋላ ደረሰች። አጎቴ ዞረላት፤ ፊቱ ላይ ያ ሳቅ ገና አልጠፋም። «በጣም ፈጥነዋል ካፒቴን። እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው። ውሃዋን ጠጣች፤ ጉዳይ አለብኝ ብላ ቀድማን ሄደች። አጎቴ ጭቃው ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ድረስ መንገዱን እያየ ቆመ።

ያ ሳምንት ረዘመ። ፌርማታው ጋ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ እሷ አንዴ ከደንበኛ ጋር ናት፣ አንዴ ጀርባዋን ሰጥታ መደርደሪያ ታስተካክላለች። እጇን ያነሳችበት ቀን ቢኖርም ወዲያው አወረደችው አለኝ። ማታ ማታ ራት ላይ ሳህኑን እያየ ይቀመጣል። እናቴ ታላቅ እህቱ ናትና ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው።

«አንተ ልጅ፣ አዲሱ ብስክሌት አፍህን በመያዣ ነው እንዴ የወሰደው?»

«የለም እቱ፣ ደክሞኝ ነው።»

«የደከመው ሰው ይተኛል። አንተ ግን ግድግዳ ላይ አፍጥጠህ ታድራለህ። ሂድና የተናደደብህን ሰው ይቅርታ ጠይቅ፤ የተናደድክበትም ካለ ሂድና ተናደድ። እዚህ ሾርባዬን አታቀዝቅዝብኝ።»

የምን ይቅርታ? እሱም አላወቀውም። ያጠፋው ነገር የለም፤ ትንፋሽ ነው ያጣው። ግን ትንፋሽ አጣሁ ብሎ የመድኃኒት መሸጫ በር ላይ መቆም ደግሞ... «ሽሮፕ ትሰጠኛለች» አለኝ፣ ሳቅ ብሎ። ሳቁ አላማረኝም።

ሁለተኛው እሁድ መጣ። አጎቴ አረንጓዴውን ይዞ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ትሬይሉ ዳገቱን ሲጀምር አየሁት፤ ያለ ጭቅጭቅ፣ እንደ ተስማሙ ሰዎች ሆኖ ይወጣል። የአጎቴ ትከሻ ቀና አለ፣ ትንፋሹ እኩል ሆነ። የውሃ ማጠራቀሚያውን አለፍን፣ አፈሩን ጀመርን፣ ዛፎቹ ውስጥ ገባን። ፋርማሲስቷ ከጎኑ ናት። ኩርባው መጣ፤ ሁልጊዜ የምትጀምርበት ኩርባ።

ምንም አላለችም።

ሰንሰለቶቹ ብቻ ይሰማሉ። ወፍ አንድ ጊዜ ጮኸችና እሷም ያፈረች ይመስል ዝም አለች። አጎቴ ወደ ፋርማሲስቷ ዞር ይላል፣ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ዛሬ ትንፋሽ ሞልቷል፤ የሚደፋው ስንኝ ግን የለም። እኔ ከኋላ ሆኜ በልቤ «ጋሼ፣ አንተ ጀምር፣ በለው በናትህ» እላለሁ። ግን ይህ ሰው ጀምሮ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሰው ሲጠራው መቆም፣ ደወል ሲደወል በር መክፈት፣ ስንኝ ሲወረወርለት መቀበል ነው። ምሰሶው በዛፎቹ ጫፍ ላይ መታየት ጀመረ። ዳገቱ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ሳይዘፈን ካለቀ በሚቀጥለው እሁድ ከጎኑ እንደማትነዳ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ፦

*መልስ እንጂ መነሻ፣ አላውቅም ነበረ*

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ፋርማሲስቷ አልዞረችም። መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ተከትለነው ታጠፍን። አንድ የወደቀ ግንድ ነበር፤ ተራ በተራ አለፍነው። አጎቴ ሊደግመው አልደፈረም፤ አንገቱ ላይ ያለው ላብ ዳገት የወለደው አይመስልም። መንገዱ መልሶ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ወደፊት እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

*ዝምታህ ነው እኮ፣ እኔን ያስጀመረ*

ስንቱ እሁድ ተመልሶ በዚያች ቃል ውስጥ አለፈ! እኔ ያን የመጀመሪያውን ስንኝ ለራሷ ያለችው ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከጎኗ አንገቱን ደፍቶ፣ እፍረቱን ታቅፎ የሚወጣውን ሰው አይታ ነው። ዓይኔ ረጠበ፤ ላብ ነው ብዬ በጓንቴ ጠረግኩት።

ምሰሶው ጋ ደርሰን ሌሎቹ ውሃ ሲጠጡ ሁለቱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ የጫማዬን ክር እንዳስር ሆንኩ። ክሩ የታሰረ ነው።

«የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«እኔ? እርስዎን? ትንፋሽ አጥቼ እኮ ነው ዶክተር! ያ ጥቁር ብስክሌት ሳንባዬን በልቶት!»

«ታዲያ ምን ሲሉ ወሰዱት?»

አጎቴ ጠጠር አነሳ፣ ጣለ። ከዚያ ነገራት። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጥይት አቧራ፣ «እንዴት ደስ ይላል» ስላለችው፣ ሁሉንም። «ስወርድ እንዲያዩኝ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ።

ፋርማሲስቷ አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ስትስቅ ጎኗን ያዘች። «ካፒቴን፣ እኔ ቁልቁለት ላይ የማየው የገዛ ጎማዬን ብቻ ነው! ጥይት ይሁን ፍሬን፣ በምን ዓይኔ ላየው? እንዴት ደስ ይላል ያልኩት እኮ በሕይወት ወርጄ ስላለቀልኝ ነው!»

«በጥይት ተገርመው አይደለም?»

«ጥይት እዚያ መኖሩንም አላየሁ!»

«ስሜ ተነሳ?» አለ ጥይት ከማዶ።

«አልተነሳም፣ ውሃህን ጠጣ!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ።

ያን ቀን ቁልቁለቱን ትሬይሉ ላይ ሆኖ ወረደው። እንደ ባለፈው አልበረረም። እንደ ድሮውም አልተጎተተም። ድንጋዩ ሁሉ በእጁ በኩል ይሰማው ነበር፤ ሲወርድ ግን መሀል ላይ ቆም እያለ ይጠብቃታል። እሷም ስትደርስ ዓይኗን ከጎማዋ ላይ አንስታ ለአንድ አፍታ ታየዋለች።

ከድልድዩ በቀጥታ ወደ መካኒኩ ሱቅ ሄድን። መካኒኩ እሁድም ቢሆን ለእሱ ብሎ ከፈተ።

«እሺ ጋሼ፣ የቱን?»

አጎቴ መጀመሪያ ወደ ጥቁሩ ሄደ፤ ኮርቻውን በመዳፉ ዳሰሰው። «ይሄኛው ላይ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራሁም» አለ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ትንሽ እዚያ ቁልቁለት ላይ ቀርታለች። ግን እዚያ እስክደርስ ትንፋሼን በሙሉ ይወስድብኛል። ትንፋሼ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ያስፈልገኛል። አረንጓዴውን ስጠኝ።»

ጥይት ግንባሩን መታ። «ለዘፈን ብሎ ኢንዱሮ የሚመልስ ሰው! ይሄን ሱቁ ፊት ለፊት ጻፉት!»

«አንተ ዝም ብለህ ተወርወር» አለችው ፋርማሲስቷ። ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞራ፣ «የፊት ጎማውን ግን ሰፋ ያለ አድርግለት፤ ድንጋዩ ላይ እንዲይዝለት።»

«አያችሁ፣» አለ መካኒኩ ጎማውን ከመስቀያው እያወረደ፣ «እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

አጎቴ አረንጓዴውን እየገፋ፣ እሷ የራሷን እየገፋች፣ በእግር ወደ ቤት መጣን። የሚነዱት ብስክሌት እያላቸው ለምን እንደሚገፉት አልጠየቅኩም። በር ላይ እናቴ ቆማለች። ፋርማሲስቷን በሩቅ ታውቃታለች፤ መድኃኒቷን ከእሷ ነው የምትገዛው። ሁለቱን ሰዎች አየች፣ ሁለቱን ብስክሌቶች አየች፣ የወንድሟን ፊት አየችና ነገሩን ረጋ ብላ ያዘችው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ግቢ» አለቻት። «ኮሪደራችን ግን አንድ ብስክሌት ብቻ ነው የሚችለው።»

«ግድ የለም እትዬ፣ እኔ ደጅ አቆመዋለሁ» አለች ፋርማሲስቷ።

«ደጅማ ምን ሲደረግ።» እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ ያን የጫማ መደርደሪያ አንሺውና ወደ ጓዳ ውሰጂው። ለዘለቄታው ነው፤ በደንብ ቦታ ፈልጊለት።»